ጨረቃን ስለሚያነሳው ካሜራዎና ስለ አባቴ ሳቅ

ለተከበሩ የካሜራና የኤሌክትሮኒክስ መደብር ዋና ሥራ አስኪያጅ
በመደብርዎ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ከመደብርዎ በር አንስቶ እስከ ውስጠኛው ክፍል ድረስ ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚበሩት አምፖሎችዎም በሙሉ ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። የእኛን ከጠየቁ፣ ጠይቀው ባያውቁም፣ ከአንድ ነገር በቀር ደህና ነን። ያ አንድ ነገር እርስዎ ዘንድ ስለሚገኝ ነው ብዕር ለማንሳት የተገደድኩት።

ደብዳቤዬን በአደባባይ በመጻፌ እንዳይቀየሙኝ እለምንዎታለሁ። ቀደም ሲል በግል የላክሁልዎት መልስ አላገኘም። ሥራ ስለሚበዛብዎ እንደሆነ ይገባኛል። አንዱ ካሜራ ያነሳውን ፎቶ ለሌላው ካሜራ መሸለም፣ ባለ ፎቶው ሲመጣ ደግሞ በትሕትና ከበር መመለስ፣ ቀኑን ሙሉ ወጥሮ የሚይዝ ሥራ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ስል ከሥሩ ልጀምር።

እኔ በአንድ መድኃኒት ቤት የምሠራ የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ፤ የምኖረውም ከወላጆቼ ጋር ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲያሽከረክር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ጥቂት ዓመታት ሆነው፣ መሪ ጨብጦ በኖረበት ዘመን ሁሉ የማያውቀው መንቀጥቀጥ እጁ ላይ ወጣ። መጀመሪያ ድካም ነው አልን፤ ቀጥሎ እርጅና ነው አልን፤ በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሙ ስለ እጁ ካስረዳን በኋላ ስለ ፊቱ ነገረን። በሽታው እየቆየ ሲሄድ የፊት ጡንቻዎችን ያደርቃል አለን። "ውስጡ ይስቃል፤ ፊቱ ግን አይታዘዘውም። ያኔ ተቆጣ ወይም አዘነ ብላችሁ እንዳትሳሳቱ" አለን። እናቴ ከክፍሉ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጠች፤ ቦርሳዋን ስትከፍት ስትዘጋ ቆየችና "እንግዲያው ሳይጠፋ እናንሳው" አለችኝ። ምኑን ማለቷ እንደሆነ ሳልረዳ ስቀር፣ "ሳቁን ነው የምልሽ፤ ሳቁን እናንሳው" አለች።

ካሜራ የፈለግነው ለዚህ ነበር፣ ክቡር ሆይ። ለሌላ ለምንም አልነበረም።

አባቴ ሳቅ ሲሉት የሚስቅ ሰው አይደለም። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ከተባለ ግንባሩን ቋጥሮ መንጃ ፈቃዱ ላይ ያለውን ሰውዬ ይሆናል። ከልቡ የሚያስቁት ሁለት ፍጡሮች ብቻ ናቸው። አንዷ የእህቴ ልጅ ናት፤ በቁመቷ ልክ ድንቢጥ እንላታለን፤ ያን ጊዜ ገና ግድግዳ እየያዘች መራመድ እየጀመረች ነበር። ሁለተኛው ውሻችን ዳኛው ነው። ዳኛው የተባለው ሰው ሲከራከር መሐል ገብቶ ተቀምጦ፣ አንገቱን አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ እያዘመመ ስለሚያዳምጥ ነው። ኩል የመሰለ ጥቁር ነው። የድንቢጥን ካልሲ ነጥቆ ከሶፋው ሥር ሲገባ አባቴ ይስቃል፤ ሳቁም እንደ ማስነጠስ ድንገት መጥቶ ድንገት ይሄዳል። ስልኬን ከኪሴ እስካወጣ ድረስ ካልሲው ብቻ ይቀራል።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን እንደ ሥርዓቱ በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፤ ስለ ምክር አገልግሎትዎ።

መደብርዎ የመጣሁት ብዙ አንብቤ፣ ብዙ ሰው ጠይቄ ነበር። የሚያስፈልገኝንም ቆሜ ዘረዘርኩልዎት። ሳሎናችን አንድ መስኮት ብቻ ያለው፣ ከሰዓት በኋላ ጨለም የሚል ክፍል ነው አልኩ። የማነሳው የማይቀመጥ ጥቁር ውሻ፣ የምትወድቅ የምትነሳ ሕፃንና እጁ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ነው አልኩ። ስለዚህ ፈጥኖ የሚያነጣጥር፣ በትንሽ ብርሃን የሚሠራ፣ አንዴ ሲጫኑት ተከታታይ ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ ይስጡኝ አልኩ። እርስዎ እስክጨርስ በትዕግሥት ጠበቁኝ፤ ለዚህም አመሰግናለሁ። ከዚያም ከመደርደሪያው ላይ አንድ ትልቅ ካሜራ አውርደው "ይህ ጨረቃን ያነሳል" አሉኝ።

ከቤተሰባችን ጨረቃ ላይ የሚኖር እንደሌለ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር። እርስዎ ግን ሌንሱን እንደ ቧንቧ አስረዝመው፣ ከመንገዱ ማዶ የቆመ መኪና ታርጋ አነበቡልኝ። ቀጥለውም ስለ ሜጋፒክስሉ ብዛት እንደ መዝሙር አወረዱልኝ። "ጨረቃን የሚይዝ ውሻ ያቅተዋል እንዴ?" ብለው ሲስቁ፣ የመደብሩ ሠራተኞች ሁሉ አብረው ሳቁ፤ እኔም እንደ ሞኝ ሳቅሁ። እኔ ዘንድ ሳል የያዘው ሰው ሲመጣ የጉልበት ቅባት አስይዤ "ይህ እኮ በጣም ትልቅ ነው" ብዬ ብሸኘው፣ ፈቃዴን ይነጥቁኛል። የእርስዎን ሙያ ከዚህ ዓይነቱ ስጋት የጠበቀልዎ ፈጣሪ ይመስገን።

ሁለተኛ፤ ስለ ካሜራው።

በቅንነት ለመናገር ካሜራው ሰነፍ አይደለም። በጣም ያስባል። ቁልፉን ስጫን ሌንሱ እያጉረመረመ ይወጣል፣ ይገባል፣ ደግሞ ይወጣል፤ ከራሱ ጋር ተማክሮ ሲጨርስ ያነሳል። በእርስዎ ካሜራ የተነሱ የዳኛው ጅራቶች አሉን። ዳኛው የነበረበት ምንጣፍ አለን። ፊቱን ያገኘነው በፍላሽ ሲሆን፣ እዚያ ላይ ደግሞ በጨለማ ውስጥ ሁለት አረንጓዴ መብራት እንጂ ውሻ አይታይም። የአባቴ እጆች በሁሉም ፎቶ ላይ ጭስ ናቸው። ከጀርባው ያለው መጋረጃ ግን አበባው በአበባ፣ ክሩ በክር ጥርት ብሎ ይታያል፤ መጋረጃችን እንዲህ ማማሩን ሳናውቅ ኖረን ነበርና በእርስዎ ምክንያት አወቅን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ድንቢጥ ግድግዳውን ለቀቀች። እህቴ እጆቿን ዘርግታ ከኋላ ስትከተላት፣ ልጅቷ ሳሎኑን አቋርጣ፣ ዳኛውን ጀርባውን ተደግፋ አልፋው፣ የአባቴ ጉልበት ላይ ተከመረች። አባቴ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ሳቀ። እኔ ካሜራው ዓይኔ ላይ ነበር፤ ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር፤ ተጭኜም ነበር። ካሜራው ግን እያሰበ ነበር። ሲጨርስ ያነሳልኝ አፉን የዘጋ አባትና ፊቷን ያዞረች ልጅ ነው። እናቴ "ያዝሽው?" ብላ ስትጠይቀኝ የካሜራውን ስክሪን አዞርኩላት። አባቴ ፊቴን አይቶ፣ "ተይው ልጄ፤ እኔ እንኳ ተሳፋሪ እንዲህ አላስጠብቅም ነበር" አለኝ። እኔ ግን ያን ዕለት ኩሽና ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ሐኪሙ የነገረን ነገር በር ላይ ቆሞ እንደ ነበር ከእርስዎ በቀር ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ሦስተኛ፤ ስለ ለውጥ።

ካሜራውን ይዤ ስመለስ "ሳጥኑ ተከፍቷል" አሉኝ። ትክክል ነበሩ፤ ተከፍቷል። ካሜራው የታሸገ ካርቶን ውስጥ ሆኖ ፎቶ የማያነሳ መሆኑን አስቀድመው ቢነግሩኝ ኖሮ ባልከፈትኩት ነበር። ፎቶዎቹን ሳሳይዎት አንድ በአንድ በጥሞና ካዩ በኋላ "ችግሩ ውሻው ነው፤ በጣም ይንቀሳቀሳል" ሲሉ ፈረዱ። "እስቲ እሱንም፣ አባትየውንም ይዘሻቸው ነይ፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እዚሁ እናየዋለን" አሉኝ።

ፎቶ የማንሳት ችሎታ ማነስ በውሻ ላይ ሲላከክ ያየሁት ያን ዕለት ነው። ሆኖም ታዘዝኩ።

አባቴ ለእርስዎ ሲል የክት ኮቱን ለበሰ። እናቴ ቁልፎቹን ቆለፈችለት። ዳኛው ታጠበ። መደብርዎ ስንገባ ወንበር አቀረቡልን፤ ለዚህም አመሰግናለሁ። ዳኛው ከአባቴ እግር ሥር ተቀመጠ፤ ማሰሪያውን አባቴ ያዘ። እርስዎ የእኛን ካሜራ ይዘው ከፊታችን ቆሙ። ከሠራተኞችዎ አንዷን ሻጭ ደግሞ ለማነጻጸሪያ ከማሳያው ጠረጴዛ ላይ ሌላ ካሜራ እንድታነሳ አዘዟት። ያ ከእኛው አነስ ያለ፣ ጨረቃን የማያነሳ ካሜራ ነበር።

ከዚያ ያሉትን ቃል አልረሳውም። ዓይንዎን ከካሜራው ነቅለው፣ ደንበኞች ሁሉ እየሰሙ፣ አባቴን "አባት፣ ሲነሱ እጅዎን አያንቀጥቅጡ እንጂ!" አሉት።

እናቴ ቀና ብላ አየችዎት። አባቴ አንዱን እጁን በሌላው ጨምቆ ያዘውና፣ ሁለቱም አብረው ተንቀጠቀጡ። "እሺ ጌታዬ፣ እሞክራለሁ" አለዎት። መንገደኛ ሁሉ አምኖት ሲሳፈርበት የኖረ ሰው፣ እጁ ስላልታዘዘለት ይቅርታ የጠየቀ ያህል አቀረቀረ። እርስዎ ግን ስለ አቀማመጥና ስለ ጸጥታ አስፈላጊነት ገለጻዎን ቀጠሉ።

ዳኛው እንደ ልማዱ አንገቱን አንዴ ወደ እርስዎ፣ አንዴ ወደ አባቴ እያዘመመ አዳመጠ። ሰምቶ ሲጨርስ ተነሣ፤ ወደ እርስዎ ቀረበ፤ የኋላ እግሩን አንሥቶ በሚያብረቀርቀው ጫማዎ ላይ ውሳኔውን ሰጠ። እያደረገም አንገቱን ወደ አባቴ አዙሮ ያየው ነበር።

አባቴ ሳቀ። አንገቱ ወደ ኋላ፣ የጎደለው ጥርሱ እስኪታይ፣ እንባው ጉንጩ ላይ እስኪወርድ ሳቀ። ሻጯ ደንግጣ ይሁን አስባበት አላውቅም፣ ጣቷን ቁልፉ ላይ እንዳደረገች ቀረች፤ ካሜራው ተራ በተራ ሲያነሳ ሰማነው። በካሜራው ስክሪን ላይ አሳየችን። እናቴ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ሁሉም ነበር፤ ሳቁ፣ እንባው፣ የዳኛው ጥቁር ጸጉር አንድ በአንድ። እጁ እንኳ እጅ ሆኖ ነበር።

"በዚህ ይለውጡልን፤ ልዩነት ካለው እንጨምራለን" አልኩ። እርስዎ ጫማዎን በወረቀት እየጠረጉ "የተከፈተ ሳጥን አንቀበልም" አሉ። "እሺ፣ ፎቶውን ብቻ ይስጡን" አልኩ። "በማሳያ ካሜራ የተነሳ ሁሉ የተቋማችን ንብረት ነው፤ ደግሞም ይጠፋል" አሉ። እናቴ "ልጄ፣ ይህቺን አንዷን ብቻ" ብላ ለመነችዎት። እናቴ ሰው ስትለምን ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። በሩን ከፍተው ያዙልን፤ ለዚህም አመሰግናለሁ።

ከዚህ በኋላ ቁጥሩ ይቅርብኝ፤ ቀሪው በቁጥር የሚሰፈር አይደለም።

ከዓመት በላይ አለፈ። ሐኪሙ ያለው ደረሰ። አባቴ ዛሬ የሚበላው፣ የሚያወራው፣ የሚወደው ያው ነው፤ ፊቱ ግን አንድ ዓይነት ሆኖ ቀርቷል። እኛ ትላልቆቹ ዓይኑን አይተን ማንበብ ለምደናል። ድንቢጥ ግን ሕፃን ናት። ስትመጣ በር ላይ ትቆማለች፤ ሮጣ ጉልበቱ ላይ ትወጣ የነበረች ልጅ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ትደበቃለች። "አባባ ለምን ተቆጣ?" ትላለች። አልተቆጣም እንላታለን። ሕፃን የሚያምነው የሚያየውን ነው። አባቴ ይህን ይሰማል። ሰምቶም ፊቱ ላይ ምንም የለም፤ ስለዚህ ምን እንደተሰማው ለማወቅ መገመት የለብኝም፣ እጁን ማየት ይበቃኛል።

አንድ ማለዳ እናቴ ዳቦ ልትገዛ ወጥታ ባዶ እጇን ተመለሰች። ነጠላዋን ሳታወርድ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ "አባትሽ የካሜራው ሱቅ መስታወት ውስጥ ነው ያለው" አለችኝ።

በእውነት ግሩም ሥራ ነው፣ ክቡር ሆይ። ከወለል እስከ ጣሪያ የደረሰ ፖስተር። አባቴ አንገቱን ጥሎ ይስቃል፤ ዳኛው በፍቅር ዓይን ዓይኑን ያየዋል። ከዳኛው አንገት በታች ያለውን በጥንቃቄ ቆርጠውታል፤ ምክንያቱን ሁለታችንም እናውቃለን። ከሥሩ ለእኛ የሸጡልን፣ ጨረቃን የሚያነሳው ካሜራ ምስል አለ፤ ጽሑፉም "ይህን ሳቅ የያዘው ይህ ካሜራ ነው" ይላል። ክቡር ሆይ፣ ያ ካሜራ ያን ሳቅ ለመያዝ ዕድል ተሰጥቶት ነበር። የያዘው መጋረጃ ነው።

አባቴን ይዘነው ሄድን። ዳኛው ፖስተሩን ዞር ብሎም አላየው፤ የመደብሩን በር ዓምድ ሲያሸት ቆየ። አባቴ ግን መስታወቱ ፊት ቆሞ ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያም አሁን በቀጠነው ድምፁ "ስስቅ እንዲህ ነበርኩ እንዴ?" አለ። ድንቢጥ ከእናቷ እጅ አምልጣ መስታወቱን በመዳፏ ትመታ ጀመር፤ "አባባ! አባባ!" እያለች። አጠገቧ የቆመውን አባባ ግን ዞር ብላ እንኳ አላየችውም።

ስለዚህ ፎቶውን የፈለግነው ለጌጥ እንዳልሆነ ለማስረዳት ገባሁ። ይህ ሰውና ያ ሰው አንድ መሆናቸውን ለአንዲት ሕፃን በየቀኑ፣ ቤቷ ውስጥ፣ ማሳየት አለብን አልኩዎት። እርስዎ ከወንበርዎ ሳይነሱ "ደስ ሊላችሁ ይገባል፤ ስንቱ እንዲህ ለመታየት ይመኛል" አሉኝ። "ማስታወቂያው ሲወርድ ወረቀቱን መጥታችሁ መውሰድ ትችላላችሁ፤ ካልተቀደደ" ብለውም አከሉ። ጸሐፊዎ ሳቋን ለመደበቅ አጎነበሰች። ሳቅ በእርስዎ ቤት እንዲህ በዋዛ መገኘቱ ያስቀናል።

የምጠይቅዎ ነገር ጥቂት ነው። የአባቴን ፎቶ ለአባቴ ይስጡ። ከሥሩ የጻፉትን ውሸት ያውርዱ። ከእንግዲህ ደግሞ ሰው ውሻውን፣ ልጁን ወይም እናቱን ላነሳ ነው ብሎ ሲመጣ፣ ስለ ጨረቃ ከማውራትዎ በፊት "ክፍሉ ብርሃን አለው? ሰዎቹ ይንቀሳቀሳሉ?" ብለው ይጠይቁት። በሕይወት ያለ ነገር ሁሉ እንደሚንቀሳቀስ፣ አንዳንዱም ሳይወድ እንደሚንቀጠቀጥ፣ በጊዜ ብዛት ይለምዱታል።

ስለ ወንበሩ፣ በሩን ስለመክፈትዎ፣ እንዲሁም ከእርስዎ ጋር ባሳለፍነው ጊዜ ሁሉ አንድም ጊዜ ይቅርታ በመጠየቅ ስላላስቸገሩን የቤተሰባችን ምስጋና ይድረስዎ። የመደብርዎ ስም እንዲሰፋ፣ አምፖሎችዎም እንዳይቃጠሉ እየተመኘሁ፣ በከፍተኛ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ካሜራዎን በመደርደሪያ ላይ፣ ቁጣዋን በጉያዋ የያዘች ደንበኛዎ፣
የአውቶቡስ ሹፌሩ ልጅ

ማስታወሻ፤ ይህን ደብዳቤ ፈርሜ ሳልልከው፣ ሻጭ የነበረችው ልጅ ለእናቷ መድኃኒት ልትገዛ ወደ መድኃኒት ቤታችን መጣች። ሥራዋን ከለቀቀች ሰንብታለች፤ ስለዚህ የሚያባርሩት ሰው በመፈለግ እንዳይደክሙ። "ያን ዕለት ለራሴ አስቀርቼው ነበር፤ እናንተን የት እንደማገኛችሁ አላወቅሁም" ብላ አንዲት ትንሽ ሜሞሪ ካርድ በመዳፌ ላይ አኖረችልኝ። ፎቶው ሳይቆረጥ፣ ከላይ እስከ ታች ሙሉው አለ፤ እርስዎም ገለጻ ሲሰጡ፣ ጣትዎን እንደ ቀሰሩ፣ ከነጫማዎ አሉ። አሳትመን ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ሰቀልነው። ድንቢጥ በመጣች ቁጥር በጣቷ አንዴ ፎቶውን አንዴ አያቷን እየነካች "ይኼ አባባ፣ ይኼም አባባ" ማለት ጀምራለች፤ ትናንት ጉልበቱ ላይ ወጥታ ተኛች። አባቴ መጀመሪያ ሲያየው ፊቱ አልተንቀሳቀሰም። ትከሻው ግን ሲነቃነቅ፣ ሲነቃነቅ፣ እንባው እስኪወርድ ሲነቃነቅ አየሁ። ስለዚህ እርስዎን ሳይሆን ጫማዎን ከልብ እናመሰግናለን።